ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ ርቀቱ አንድ ሆኖ ሲሄዱ 16 ሰዓት ተኩል፣ ሲመለሱ 13 ሰዓት ለምን?

ጥያቄ፦ «እናቴ በሐምሌ ሜሪላንድ ወንድሜ ጋ ትሄዳለች። ዕድሜዋ ሰባ አልፏል፤ ስኳርም አለባት። የርቀት ማስሊያ ላይ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,560 ኪሎ ሜትር፣ በረራው 13 ሰዓት ተኩል ይላል። ትኬቷ ላይ ደግሞ ከቦሌ 22:40 ተነስታ በማግስቱ 08:10 ዳለስ (የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ) ትደርሳለች። ይሄ 9 ሰዓት ተኩል ነው። በጥቅምት ስትመለስ ግን 11:00 ተነስታ በማግስቱ 07:00 ነው የምትገባው፤ 20 ሰዓት መሆኑ ነው። የቱን ልመን? ደግሞ ቀጥታ በረራ ነው ተብዬ ነው የገዛሁት፤ አሁን መሃል ላይ ደብሊን ያርፋል ይሉኛል። ተሸውጄ ነው? በዱባይ ወይም በአውሮፓ በኩል ብቀይርላት አይሻልም? ወንድሜስ ስንት ሰዓት ላይ ይጠብቃት?»

ምላሽ፦ ትኬቱ ልክ ነው። የተሳሳተው ስሌቱ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ ሰዓት ነው። የመድረሻው ደግሞ የመድረሻው ከተማ ነው። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ዝም ብሎ መቀነስ አያስኬድም። በሐምሌ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደኋላ ነች። ሲሄዱ ያገኙት 9 ሰዓት ተኩል ላይ 7 ይደምሩ፤ 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሲመለሱ ካገኙት 20 ሰዓት ላይ 7 ይቀንሱ፤ 13 ይቀራል። ረጅሙ መንገድ መሄጃው ነው እንጂ መመለሻው አይደለም። እርስዎ የደረሱበት የዚህ ተቃራኒ ነበር።

የ7 ሰዓቱ ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። አሜሪካኖቹ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ይገፋሉ፤ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ይመልሱታል። እኛ የምንነካው ነገር የለም። ስለዚህ ከኖቬምበር እስከ ማርች ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው። የእናትዎ መመለሻ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ከሆነ 7ቱ ይሠራል። ወደ ኅዳር ከተገፋ ግን ስሌቱን በ8 ይሥሩት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። 11,560 ኪሎ ሜትር የሚለው ቁጥር ስህተት የለበትም። በምድር ክብ ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ሊሰመር የሚችለው አጭሩ መስመር ርዝመት ነው። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሲያዩት ከአዲስ አበባ በቻድና በኒጀር አልፎ፣ ሞሪታኒያን ተሻግሮ አትላንቲክን የሚያቋርጥ ይመስላል። አይደለም። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው የሚነሳው። ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አቋርጦ በስፔን ላይ ያልፋል። ከዚያ አትላንቲክን ተሻግሮ ከካናዳ ጠረፍ በስተደቡብ በኩል ወደ አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይወርዳል።

ይህን መስመር እንዳለ የሚበር መንገደኛ አውሮፕላን ግን አያገኙም። የሊቢያን ሰማይ ብዙ አየር መንገዶች ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይሸሹታል። በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሳ ወዲህም በዚያ በኩል ማለፍ እጅግ ተገድቧል። ስለዚህ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ ብዙውን ጊዜ በቀይ ባሕር በኩል ይወጣና በግብፅ አድርጎ ወደ ሜዲትራኒያን ይገባል። በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚጨመረው እዚህ ላይ ነው። የርቀት ማስሊያው ጦርነትም፣ የተዘጋ ሰማይም፣ ነፋስም አያውቅም። አጭሩን መስመር በአማካይ ፍጥነት ያካፍላል፤ ለመነሳትና ለማረፍ ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል፤ በቃ። የሚሰጠው ቁጥር ሁለት ከተሞችን ለማወዳደር ይጠቅማል። ሰው ለመቀበል ግን በእሱ አይወጣም።

ለሦስት ሰዓት ተኩሉ ልዩነት ዋናው ምክንያት ግን የመስመሩ መጠምዘዝ አይደለም። ቦሌ ራሱ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው ያለው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የቀን ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ይሳሳል። የሳሳ አየር አውሮፕላኑን በሁለት በኩል ይጎዳዋል። ክንፉ የሚያነሳው በሚያገኘው አየር ስለሆነ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሳት መሬት ላይ የበለጠ መሮጥ አለበት። ሞተሩም የሚስበው አየር ስላነሰ ጉልበቱ ይቀንሳል። ማለትም ይበልጥ መፍጠን ባለበት ቦታ ላይ ነው ጉልበት የሚያንሰው።

ማኮብኮቢያው ረጅም አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ረጅም ነው፤ ወደ 3,800 ሜትር ይጠጋል። ግን የሚወስነው የማኮብኮቢያው ርዝመት ብቻ አይደለም። ጎማዎቹ የተፈቀደላቸው ከፍተኛ የመሬት ፍጥነት አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፦ ልክ ሊነሳ ሲል አንድ ሞተር ቢጠፋ፣ በቀረው አንድ ሞተር ብቻ ተነስቶ በዙሪያው ካለው ተራራ በላይ በደህና መውጣት መቻል አለበት። አዲስ አበባን ደግሞ የከበባት ተራራ ነው። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሳ ትልቅ አውሮፕላን ፋብሪካው ከፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት በታች ነው የሚነሳው። በቶን የሚቆጠር ልዩነት አለው። የሩቅ በረራዎች በምሽት መነሳታቸውም እዚህ ላይ ያግዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ይላል፣ ጥቂት ተጨማሪ ክብደት ያስነሳል።

ይህ ክብደት ከየት ይቀነስ? ያለ ማረፍ ዋሽንግተን ለመድረስ አንድ ድሪምላይነር (ቦይንግ 787) ከ60 ቶን በላይ ነዳጅ መያዝ አለበት። ነዳጁ ራሱ ከባድ ስለሆነ፣ ጭነቷን ከመንገድ ገለባዋ ጋር እንደምትሸከም አህያ ነው፤ ገለባው በጨመረ ቁጥር ለጭነቱ የሚተርፈው ጉልበት ያንሳል። አየር መንገዱ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ታንኩን ሞልቶ ብዙ ወንበርና ካርጎ ባዶ ይተዋል። ወይ ሰውና ጭነቱን ይዞ፣ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና ዝቅ ያለ ቦታ አርፎ ይሞላል። ባለፉት ዓመታት ሮምም ደብሊንም ለዚህ አገልግለዋል። ደብሊን ከባሕር ጠለል በላይ ከ100 ሜትር በታች ናት። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ አውሮፕላኑ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ይነሳል።

ሰው ብዙ ጊዜ «ደብሊን ድረስ ወስደው አዞሩን» ይላል። አላዞሯችሁም። ከአዲስ አበባ ደብሊን ወደ 6,365 ኪሎ ሜትር፣ ከደብሊን ዋሽንግተን ወደ 5,465 ኪሎ ሜትር ነው። ሲደመር 11,830 ገደማ። ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው ከ300 ኪሎ ሜትር ባነሰ ነው፤ በበረራ ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ጊዜ የሚበላው ርቀቱ ሳይሆን ማረፉ ነው። መውረድ አለ፤ ወደ ማቆሚያው መንዳት አለ፤ ነዳጅ መሙላት፣ የበረራ ሠራተኛ መቀየር፣ እንደገና ተራ ጠብቆ መነሳት አለ። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ይወስዳል።

ስለዚህ አልተሸወዱም። «ቀጥታ» ሲሉዎት በአንድ የበረራ ቁጥር፣ በአንድ አውሮፕላን፣ ሻንጣ ሳይነካ ማለታቸው ነው። መሃል ላይ አያርፍም ማለታቸው አይደለም። ትኬት ሲቆርጡ «መሃል ላይ ያርፋል ወይ?» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። የማረፊያው ከተማም ሆነ ማረፉ ራሱ እንደ ወቅቱና እንደ አውሮፕላኑ ዓይነት ይቀያየራል፤ ባለፈው ዓመት ጎረቤት የሄደበትን አይመኑ፣ የራስዎን ትኬት ይመልከቱ።

መመለሻው ለምን ሳያርፍ ይመጣል? ዳለስ ከባሕር ጠለል መቶ ሜትር ያህል ብቻ ነው ከፍታው። አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ ያለ ችግር ይነሳል። ቦሌ ሲደርስ ደግሞ ነዳጁን አቃጥሎ ስለጨረሰ ቀሏል፤ ከፍታው ለማረፍ ያን ያህል አያስቸግረውም። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በጁን 1984 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ ቦይንግ 767 ሲረከብ፣ አውሮፕላኑ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ገባ። የበረረው 12,082 ኪሎ ሜትር ነው። ለባለሁለት ሞተር አውሮፕላን የዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ያኔም ቢሆን የተበረረው መንገድ ከአጭሩ መስመር በ500 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። ሰዓቱም ከአርባ ዓመት በኋላ ዛሬ እናትዎ ትኬት ላይ ካለው ጋር ያው ነው። አውሮፕላኖች ነዳጅ ቆጣቢ ሆኑ እንጂ ያን ያህል አልፈጠኑም።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ በአትላንቲክ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ጄት ስትሪም ይሉታል። በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ መንፈሱ የተለመደ ነው፤ አንዳንዴ ከ300ም ያልፋል። ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል፣ መንገዱም 11,900 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በመንገዱ ሁሉ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሆን ነፋስ ቢገጥመው ፍጥነቱ 850 ይሆንና 14 ሰዓት ይፈጅበታል። ያው ነፋስ ከኋላ ከሆነ 950 ይሆናል፤ በ12 ሰዓት ተኩል ይገባል። የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት በነፋስ ብቻ መጣ። የማረፊያውን ሁለት ሰዓት ሲጨምሩበት ትኬቱ ላይ ያስገረመዎትን ሦስት ሰዓት ተኩል አገኙት።

ነፋሱ በሰሜኑ ክፍለ ዓለም ክረምት፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አካባቢ፣ ይበረታል። የዚያ ወቅት መሄጃ ከሐምሌው ይረዝማል። የበረራ ፕላን የሚያወጣው ሰው በየቀኑ የነፋሱን ትንበያ አይቶ መስመሩን ይቀይራል። አንዳንድ ቀን ረዘም ያለው መንገድ ቶሎ ያደርሳል። ስለዚህ ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ አይደንገጡ። ትኬቱ ላይ ያለው ጊዜም ከበር ተነስቶ በር እስኪቆም ያለው እንጂ አየር ላይ የሚቆይበት ብቻ አይደለም።

ወደ አማራጮቹ ልምጣ። በዱባይ በኩል ከሄዱ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ 2,500 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ፤ ከዚያ ሌላ 11,400 ገደማ ይመለሳሉ። ወደ 14,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሁለተኛው በረራ ብቻውን 14 ሰዓት ገደማ ነው። መጠበቂያው ሲጨመር ጉዞው ከ20 ሰዓት በላይ ይሆናል። በፍራንክፈርት ከሆነ ርቀቱ 11,900 ነው፤ በኢስታንቡል 12,100። ርቀታቸው ምንም አይከፋም። እዚህም የሚወስነው መጠበቂያው ነው፤ ሁለት ሰዓት ከሆነ ጥሩ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ ግን ሌላ ጉዞ ነው። ለወጣት ሰው፣ ዋጋው በደንብ ካነሰ፣ ይህ ጥሩ አማራጭ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች (በአንድ የጋራ ቪዛ በሚገቡባቸው የአውሮፓ አገሮች) አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል። የሚሠራ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከዚህ ነፃ ይሆናል፤ ቢሆንም ትኬት ከመቁረጥ በፊት ከሚያልፉበት አገር ኤምባሲ ያረጋግጡ። 

ለእናትዎ ግን አያመንቱ። የያዙትን ትኬት አይቀይሩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ እንግሊዝኛ የማይቀናቸው፣ ስኳር ያለባቸው ሰው የማያውቁት አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ በር እየፈለጉ እንዲንከራተቱ አያድርጉ። ደብሊን ላይ ብዙውን ጊዜ መንገደኛ ከወንበሩ አይወርድም። ይህን አስቀድመው በደንብ ይንገሯቸው። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ደርሰናል ብለው ሻንጣቸውን ይዘው የሚነሱ እናቶች ብዙ ናቸው። «መጀመሪያ ሲያርፍ ይቀመጡ፤ ሁለተኛ ሲያርፍ ይውረዱ» ይበሏቸው።

ዊልቸር አሁኑኑ ያስመዝግቡ፤ ቢዘገይ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት። በእግራቸው የሚሄዱ ቢሆኑም ያስመዝግቡ። ወረፋው ረጅም ነው፣ የሚገፋቸው ሰው ደግሞ እስከ መውጫው ይመራቸዋል። ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መብረር እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። 16 ሰዓት ደግሞ የዚህ አራት እጥፍ ነው። የመተላለፊያ ዳር ወንበር ይምረጡላቸው። ውሃ እየጠጡ፣ ሲነቁ ሁሉ ተነስተው ይንቀሳቀሱ። የስኳር መድኃኒታቸው በእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን፤ ታች በሚገባው ሻንጣ ፈጽሞ አይላክ። የመድኃኒቱን ሰዓት በተመለከተ ሐኪማቸውን ከጉዞው በፊት ያማክሩ። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ያ ቀን በ7 ሰዓት ይረዝማል፤ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ መጠኑንና ሰዓቱን በግምት መቀየር አደገኛ ነው።

የሰዓት አጠራር ላይ ይጠንቀቁ። ትኬቱ ላይ 22:40 ማለት በእኛ ማታ 4:40 ነው። 08:10 ደግሞ ጠዋት 2:10። ወንድምዎን በስልክ «2:10 ትገባለች» ቢሉት ከሰዓት በኋላ ሊመስለው ይችላል። የትኬቱን ፎቶ ይላኩለት፤ በቃል አይንገሩት። ሌላም ወጥመድ አለ፤ የእናትዎን ትኬት ባይነካም ለሌላው አንባቢ ይጠቅማል። ትኬት ላይ «ማክሰኞ 00:30» ካለ፣ እኛ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ የምንለው ሌሊት ነው። ከቤት የሚወጣው ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው ሙሉ ቀን ሆኖታል።

ወንድምዎ 08:10 ላይ በር ላይ መቆም የለበትም። ያ አውሮፕላኑ የሚደርስበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ኢሚግሬሽን አለ፣ ሻንጣ መጠበቅ አለ፣ ጉምሩክ አለ። ዳለስ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት መፍጀቱ ያለ ነው፤ ብዙ አውሮፕላን አንድ ላይ ከገባ ከዚያም ይበልጣል። 09:15 አካባቢ ቢደርስ በቂ ነው። ከቤት ከመውጣቱ በፊት በበረራ ቁጥሩ አውሮፕላኑ የት እንደደረሰ ይመልከት። ዳለስ ላይ መንገደኞችን ከአውሮፕላኑ አካባቢ ወደ ኢሚግሬሽን ሕንፃው የሚያመላልሱ አውቶቡስ የሚመስሉ ትላልቅ ተሽከርካሪዎች አሉ። እናትዎ ወደ ሌላ ቦታ የተወሰዱ እንዳይመስላቸው ይህንንም ይንገሯቸው። የወንድምዎን ሙሉ አድራሻና ስልክ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጽፈው ከፓስፖርቱ ጋር ያስይዟቸው፤ ኢሚግሬሽን ላይ ይጠየቃሉ፣ ስልካቸው ደግሞ እዚያ ላይሠራ ይችላል። ከዳለስ ወደ ሌላ ከተማ የሚቀጥል መንገደኛ ካለ፣ ሻንጣውን እዚያው ተቀብሎ እንደገና ማስገባት ስላለበት ቀጣዩን በረራ ቢያንስ ሦስት ሰዓት አራርቆ ይቁረጥ።